እስከ ቀዩ መስመር

ብሩክታዊትን የሲቀላ ገበያ ሕፃናት ያውቋታል። እውቅናው የሚያኮራ አይደለም። የምትሠራው ቀዶ ሕክምና ክፍል ውስጥ ነው፤ ሰመመን ሰጪ ናት፤ ሰውን ቢላ ከመንካቱ በፊት የምታስተኛው እሷ ናት። አዋቂ ተኝቶ ይነሳና ወይ ያመሰግናታል ወይ ይረሳታል። ልጆች ግን አይረሷትም። ከእናታቸው ጉያ ፈልቅቃ ይዛቸው የምትገባው ሴት እሷ በመሆኗ፣ አረንጓዴ ልብሷን አውልቃ፣ ጸጉሯን ፈትታ፣ ሙዝ ልትገዛ በወጣችበት ቅዳሜ እንኳ ይለዩዋታል።

አንድ ቅዳሜ ከኩልፎ ወንዝ ዳር የመጣ ሙዝ የተዘረጋበት ሸራ አጠገብ አንድ ሕፃን አየች። እንብርቱን በቀዶ ሕክምና ከተሠራ ወር አልሞላውም። ድኗል፤ ጉንጩም ሞልቷል። ሥራዋ ያማረላት መስሏት ፈገግ አለችለት። ልጁ የእናቱን ቀሚስ ገልጦ ከሥሩ ገባ፤ ትንሽ ቆይቶ በእናቱ እግሮች መሃል ሽንቱ ወረደ። እናትየው አፈረች፤ "ዛሬ ምን ነካው?" እያለች ብሩክታዊትን ይቅርታ ጠየቀች። ብሩክታዊት ምን እንደነካው ታውቃለች። ሙዙን ሳትገዛ ወደ ቤቷ ተመለሰች።

ነገሩ ያለው ከቀዩ መስመር ላይ ነው። ከቀዶ ሕክምናው በር ገባ እንዳሉ ወለሉ ላይ ቀይ ቀለም ተቀብቷል፤ ጫማና ልብሱን ያልቀየረ ሰው ከዚያ አያልፍም። ቤተሰብ እስከዚያ ይመጣል፣ ልጁን ያቀብላል፣ ይመለሳል። አቀብሎ መመለስ በወሬ ቀላል ነው። እዚያ ላይ ስንት ነጠላ ተቀዷል፣ የስንት እናት አንገት ተቧጥሯል። ልጁ እየጮኸ ገብቶ፣ እየጮኸ ጭንብል ይደረግለትና እየጮኸ ይተኛል። ሲነሳም ካቆመበት ይቀጥላል። የክፍሉ ሰዎች ለጩኸቱ ጆሮ ዳባ ልበስ ማለት ከለመዱ ቆይተዋል፤ ካልለመዱ መሥራት አይችሉም።

ብሩክታዊት አልለመደችም። ከደብረ ብርሃን መጥታ እዚህ ሥራ ከጀመረች ሁለት ዓመት ቢያልፋትም አልለመደችም። ተማሪ ሳለች ለልምምድ የተላከችበት ሆስፒታል ውስጥ ሌላ ነገር አይታ ነበር። ልጁ ወደ በሩ ከመሄዱ በፊት ሚዳዞላም የሚባል መድኃኒት ከጣፋጭ ነገር ጋር ተበጥብጦ ይሰጠዋል፤ ይጠጣል፤ ግማሽ ሰዓት ያህል ይጠበቃል። ልጁ አይተኛም፤ ይለዝባል እንጂ። በማንም እቅፍ ይሄዳል፤ በነቃ ጊዜ ደግሞ በሩንም፣ መስመሩንም፣ የወሰደችውንም ሴት አያስታውስም። ብሩክታዊት የፈለገችው ይህን መርሳት ነበር። ለልጆቹ ብላ ነው፤ ለራሷም ብላ ነው፤ ይህን አትክድም።

የክፍሉ ኃላፊ ዶክተር አበጋዝ እጃቸው የተባረከ ቀዶ ሐኪም ናቸው። አፋቸው እንደ እጃቸው አይለሰልስም።

"ልጅ ያለቅሳል፤ ሥራው ነው" አሏት ስትነግራቸው። "እኔ ለአንድ ቡአ የምፈጅበትን ጊዜ አንቺ ሽሮፕ እስኪሠራ ቁጭ ብለሽ ልትጠብቂበት ነው? መድኃኒቱስ ቢበዛበት? ትንፋሹስ ቢያንስ?"

"እኔ አጠገቡ ነኝ፣ ዶክተር። የኦክሲጅን መለኪያው ጣቱ ላይ ይሆናል።"

ዶክተሩ ጓንታቸውን እያወለቁ አሰቡ። ክፉ ሰው አይደሉም፤ ነገር የሚቀበሉት ግን ተከራክረው ሲሸነፉ ብቻ ነው።

"ያቺ ከኦቾሎ የመጣችው ትመለሳለች አይደል? ያቺ የነከሰችሽ። ያቺ ሳትጮህ ቀዩን መስመር ካለፈች አምናለሁ፤ ለሁሉም ልጅ ስጪ። ከጮኸች ግን ስለ ሽሮፕ ሁለተኛ አታንሺብኝ።"

ያቺ የተባለችው ምኞት ናት፤ የስድስት ዓመት ልጅ። ብሽሽቷ ላይ ቡአ አለ፤ ስትስቅና ስትስል እንቁላል ያህል ሆኖ ይወጣል። ከጥቂት ሳምንታት በፊት መጥታ ነበር። በሩ ላይ ስትደርስ መቃኑን በሁለት እጇ ጨመደደች፤ ልታላቅቃት ጎንበስ ያለችውን ብሩክታዊትን ክንዷ ላይ ነከሰች፤ ከዚያም ትንፋሽ እስኪያጥራት ጮኸች፤ ያን ቀን ቀዶ ሕክምናው ሳይሠራላት ወደ ኦቾሎ ተመለሰች። ጠባሳው የብሩክታዊት ክንድ ላይ ገና አለ። ዶክተሩ ከልጅ ሁሉ መርጠው እሷን ማለታቸው ፍርደ ገምድልነት ነው፤ ብሩክታዊት ግን እጅ ነሥታ ተስማማች፤ ምን ምርጫ አላት?

ቀኑ ደረሰ። ምኞትን ይዟት የመጣው አባቷ ደግነት ነው፤ እናቷ አራስ ናት። ደግነት ሸማኔ ነው፤ ቀጭን፣ ረጅም፣ ወሬ የማይበዛበት ሰው። አማርኛ የለመደው ሸማ ሲሸጥ ስለሆነ ስለ ሌላ ሰው ሲናገር ሴቱንም ወንዱንም እንደ ወንድ ይጠራል። ልጅቷ ከማታ ጀምራ ምግብ እንዳትቀምስ ታዝዞ ነበርና እሱም ሳይቀምስ አድሮ መጣ። አገኘሽ፣ የክፍሉ ነርስ፣ ጋሞኛ የምትናገር የጨንቻ ልጅ ናት፤ "አንተ እንኳ ብላ እንጂ፣ የምትሠራው እሷ ናት" ብትለው፣ "ልጄ ሳይበላ እኔ እንዴት ብዬ እበላለሁ?" አለና ኮሪደሩ ላይ ካለው አግዳሚ ጫፍ ተቀመጠ። ምኞት አጠገቡ ተለጥፋ ብሩክታዊትን በዓይኗ ትከታተላለች።

ብሩክታዊት ስትቀርብ ደግነት ተነሣ።

"ሲስተር፣ አንድ ነገር ልንገርሽ" አለ። "እስከ ቀዩ መስመር የማደርሰው እኔ ነኝ። ቃል ገብቼለታለሁ። ሰው እንዳይጎትተው። እጁን ይዤ አደርሳለሁ፤ ከዚያ አንቺ ተቀበይ።"

"እሺ፣ እርስዎ ያደርሷታል" አለች ብሩክታዊት። "ማንም አይጎትታትም።"

ደግነት ለምኞት በጋሞኛ ተረጎመላት። ምኞት የአባቷን ጋቢ ጫፍ ጣቷ ላይ እየጠመጠመች ትፈታለች።

መድኃኒቱን ብሩክታዊት ራሷ አዘጋጀች። በልጅቷ ክብደት ለክታ፣ በስኳር ውሃና በተጣራ ማንጎ በጠበጠችው። እንዲያም ሆኖ ይመራል፤ ግራዋ ቅጠል ያኘኩ ያህል ምላስ ላይ ይቀራል። ትንሿን ኩባያ ለምኞት ብትዘረጋላት ልጅቷ ፊቷን አባቷ ጎን ውስጥ ቀበረች። ከነከሰችው ሰው እጅ እንዴት ትቀበል? ብሩክታዊት ነገሩ ገባትና ኩባያውን ለደግነት ሰጠችው።

"ሁሉንም ትጠጣው። ጠብታ እንዳይቀር። ከዚያ ትንሽ እንጠብቃለን።"

ይህን ብላ ሳትጨርስ ከማገገሚያ ክፍል ተጠራች፤ ጠዋት የተሠሩ ሽማግሌ እያስመለሳቸው ነበር። ሄደች። ከኮሪደሩ የጠፋችው ለአጭር ጊዜ ነው። የሚበላሽ ነገር ለመበላሸት ብዙ ጊዜ አይፈልግም።

በደግነት ቤት ሳይቀመስ የሚሰጥ መጠጥ የለም። ቦርዴም ቢሆን፣ ውሃም ቢሆን፣ ሰጪው ቀድሞ ይጎነጫል፤ ከዚያ ያቀብላል። ነገሩ የኦቾሎ ብቻ አይደለም፤ በብሩክታዊት አገርም ቢሆን ለእንግዳ የሚቀርብ ጠላ ይቀመሳል። እሷ ግን አንድም ቀን መድኃኒትና ጠላን በአንድ አስባ አታውቅም፤ እንደ እሷ ዓይነት ትምህርት የተማረ ሰው ሁሉ አያስብም። ደግነት ኩባያውን ሲቀበል እጁ በልማድ ወደ አፉ ሄደ። አገኘሽ አጠገባቸው ነበረች፤ አየችው፤ ምንም አልመሰላትም። አባት ለልጁ ቀምሶ ሲሰጥ ምን ይመስላታል?

ደግነት በከንፈሩ ነካ አድርጎ ኩባያውን ለምኞት ዘረጋ።

ምኞት አልተቀበለችም። ባለፈው ክረምት ወባ ይዟት ሽሮፕ ሲያጠጧት፣ አባቷ እንዲሁ ከንፈሩን አርሶ "ጣፋጭ ነው" ብሏት ነበር። ጠጣችው፤ መረራት። ያን ቀን አልረሳችም። በጋሞኛ፣ "ዋጥ" አለችው።

ደግነት ዋጠ። መራራው ጉሮሮውን ያዘው፤ ልጁ እያየችው ነውና ፊቱን አላጨማደደም።

"ይመራል?" አለችው።

ሊዋሽ ይችል ነበር። "ይመራል" አላት።

"ብዙ ይመራል?"

"አያቅትም። እዪ" አለና፣ እንደማያቅት ለማሳየት፣ አንዴ ደህና አድርጎ ተጎነጨ። ያን ጊዜ ኩባያው ውስጥ የቀረው ጉሮሮ የማያረጥብ ነበር። ምኞት ተቀበለች፤ አፏ ውስጥ አደረገች፤ ግማሹን በጋቢው ጫፍ ላይ መልሳ ተፋች። ደግነት ባዶውን ኩባያ አግዳሚው ላይ በክብር አስቀመጠ፤ ጠብታ አልቀረበትም።

ብሩክታዊት ተመልሳ ባዶውን ኩባያ ስታይ ልቧ ሞላ። መለኪያውን በምኞት ጣት ላይ ሰካችና አጠገቧ ቆመች። ጊዜው ሄደ። ምኞት ዓይኗ እንደ ብርጭቆ ጠርቷል። የግድግዳውን ስንጥቅ ታያለች፤ አጠገቧ የቆመውን ጋሪ ትገፋለች፤ የብሩክታዊትን ክንድ፣ የራሷን ጥርስ ምልክት፣ እያየች ታሰላስላለች። መድኃኒት የወሰደ ልጅ አትመስልም። ብሩክታዊት ልኬቱን በልቧ ደግማ አሰላች። አልተሳሳተችም።

ከዚያ ደግነት ሳቀ።

ያ ዝምተኛ ሰው፣ ማንም ምንም ሳይለው፣ ግድግዳውን ተደግፎ በቀስታ ሳቀ። አንገቱ ወደ ትከሻው አዘነበለ፤ ጋቢው ከጫንቃው ተንሸራተተ፤ እጁን ወደ ጋቢው ሰደደና መሃል ላይ ረሳው። ብሩክታዊት አንዴ ኩባያውን፣ አንዴ ሰውየውን አየች። 

"አገኘሽ" አለች፣ "መድኃኒቱን ማነው የጠጣው?"

"እሷ ናት" አለች አገኘሽ። ከዚያ ቆም ብላ አሰበችና፣ "እሱ ቀመሰላት እንጂ" ብላ ጨመረች።

"ምን ያህል ቀመሰ?"

አገኘሽ መልስ ስትፈልግ ደግነት ራሱ በአማርኛ መለሰ፤ "ይመራል ሲስተር፤ ግን አያቅትም" አለ፤ ዓይኖቹም ተከደኑ።

ሰውየው ያደረው ጾሙን ነው፤ ሌሊቱን አልተኛም፤ ከኦቾሎ እስከ አስፋልቱ በእግሩ ወርዷል፤ ለቁመቱ ሥጋ የሚባል የለውም። ለልጅ የተለካው መድኃኒት ለእሱም በቃው። ብሩክታዊትና አገኘሽ ደግፈው ባለጎማ አልጋ ላይ አስተኙት። መለኪያው ከልጅቷ ጣት ወጥቶ የአባቷ ጣት ላይ ተሰካ። ትንፋሹም ልቡም ደህና ነበር። ብሩክታዊት ይህን አይታ ከተረጋጋች በኋላ የቀረው ነገር ሁሉ በአንድ ላይ መጣባት። ልጅቷ ምን ያህል እንደዋጠች ማንም አያውቅም፤ ስለዚህ ደግማ ልትሰጣት አትችልም። ዶክተሩ ውስጥ ሆነው ልጅቷን ይጠብቃሉ። "እኔ ነኝ የማደርሰው" ብሎ ቃል የገባው አባቷ አፉን ከፍቶ ተኝቷል። አሁን ልጅቷን መውሰድ ማለት ያው እንደ ወትሮው ፈልቅቆ መውሰድ ነው። የገበያው ልጅ ትዝ አላት። ቅስሟ ተሰበረ፤ "ትመለስ፤ ዛሬም አትሠራም" ልትል አፏን ከፈተች።

ደግነት መናገር የጀመረው ያን ጊዜ ነው። ዓይኑን ሳይገልጥ፣ በጋሞኛ፣ ረጋ ባለ ድምፅ ይናገራል፤ የምሳ ወሬ የሚያወራ ይመስላል። ምኞት አልጋው አጠገብ ቀርባ አዳመጠችው። ብሩክታዊት ጋሞኛ የምትሰማው ለሰላምታና ለዋጋ ብቻ ነው።

"ምንድነው የሚለው?"

አገኘሽ አቅማማች። "እፈራለሁ ነው የሚለው" አለች በመጨረሻ። "የምፈራው እኔ ነኝ፣ አንቺ አይደለሽም ይላታል። ጠዋት ስንወርድ እግሬ እየተንቀጠቀጠ ነበር፤ ድንጋዩ ነው አልኩሽ እንጂ ድንጋዩ አልነበረም። እንመለስ ልልሽ አስቤ አፍሬ ተውኩት። ከዚያ መስመር ላይ ስለይሽ እንዳላለቅስ ነው የምፈራው። የሚቆርጡት እኔን በሆነ። እንዲህ ነው የሚላት።"

 አገኘሽ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። ብሩክታዊት እዚያ በር ላይ ስትቆም ስለ ልጆች እንጂ ስለ አባቶች አንድም ቀን አስባ አታውቅም ነበር። 

ደግነት ንግግሩን ሳይጨርስ ድምፁ ወደ ማንኮራፋት ተለወጠ። ምኞት ጣቷን ሰድዳ የአንዱን ዓይን ሽፋን ገለጠችው። ዓይኑ አላያትም። ለቀቀችው። ከዚያ ለመጀመሪያ ጊዜ ብሩክታዊትን አነጋገረቻት፤ አገኘሽ አስተረጎመች።

"ሞቷል?"

"አልሞተም። ተኝቷል።"

"ያ የሚመረው ነው ያስተኛው?"

"አዎ።"

"ይነሳል?"

"ይነሳል። ካንቺ ጋር ወደ ቤት ይሄዳል።"

ምኞት የአባቷን ደረት ከፍ ዝቅ ሲል አየች። ብዙ አየችው። ሸማኔ የተሠራ ጨርቅ ሲመረምር እንደሚያየው ዓይነት ነበር፤ ከሱ የወረሰችው መሆን አለበት።

"እኔም እንደሱ ነው የምተኛው?"

"እንደሱ።"

"እሱ አልጮኸም" አለች ምኞት።

የተንሸራተተውን ጋቢ አንስታ፣ የተፋችበትን ጫፍ ወደ ታች አድርጋ፣ እስከ አንገቱ አለበሰችው። ጆሮው ላይ አጎንብሳ አንዲት ነገር አለችው። ብሩክታዊት ሳትጠይቅ አገኘሽ ነገረቻት፤ "ሄጄ መጣሁ ነው ያለችው።" ከዚያ ምኞት ቀጥ ብላ ቆመችና እጇን ወደ ላይ ዘረጋች፤ ወደ ብሩክታዊት፤ ጠባሳው ወዳለበት ክንድ። ብሩክታዊት ያዘችው። ቀዝቅዞ ነበር። ልጅቷ ፈርታለች፤ መድኃኒት አላረጋጋትም፤ ግን ትሄዳለች። ቀዩ መስመር ላይ ሲደርሱ ቆም አለች፤ ወደ ኋላ ዞራ አልጋውን አየች፤ ተሻገረች።

ዶክተር አበጋዝ እጃቸውን ታጥበው ወደ ላይ ይዘው ቆመው ነበር። ልጅቷ በእግሯ ገብታ፣ በርጩማው ላይ ወጥታ፣ አልጋው ላይ ራሷ ስትተኛ ቅንድባቸው እስከ ቆባቸው ደረሰ።

"ይህማ ተዓምር ነው" አሉ። "ብሩክታዊት፣ አሸነፍሽኝ። ከሰኞ ጀምሮ ለሁሉም ስጪ።"

ዝም ማለት ትችል ነበር። ሁለት ዓመት የተመኘችው ነገር በአንድ ዓረፍተ ነገር ተፈቅዶላታል፤ የሚጠበቅባት አፏን መያዝ ብቻ ነው።  ግን ልጅቷ አሁን ሰመመን ልትወስድ ነው፤ በሰውነቷ ውስጥ ምን እንዳለና ምን እንደሌለ ቀዶ ሐኪሟ ማወቅ አለባቸው። ሌላም ምክንያት አለ፤ ለመድኃኒቱ የተሰጠው ምስጋና ለልጅቷ የሚገባ ነበር።

"ዶክተር፣ አልጠጣችውም" አለች። "አባቷ ነው የጠጣው።"

"ምን አልሽ?"

"ቀመሰላት። ሲቀምስላት አለቀ፤ ለእሷ ቢደርሳት ጠብታ ነው። ኮሪደር ላይ ተኝቷል፤ ደህና ነው፤ መለኪያ አድርጌለታለሁ፤ አገኘሽ አጠገቡ ናት። እሷ የመጣችው በራሷ ነው።"

ዶክተሩ መጀመሪያ ልጅቷን፣ ከዚያ በሩን አዩ። ትከሻቸው መንቀጥቀጥ ጀመረ፤ ከጭንብላቸው በላይ ዓይናቸው ውሃ ሞላ። "ተኝቶ ከተገኘ አይቀር እሱንም አንድ ነገር እንሥራው?" አሉ። ሳቃቸውን ሲጨርሱ ድምፃቸው ተለወጠ። "እንግዲህ ሙከራው አልተቆጠረም። ሌላ ልጅ አምጪ። አባቶችን ጠብቂ።"

አንድ ነገር ብቻ ቀርቶ ነበር። ብሩክታዊት ጭንብሉን ወደ ምኞት ፊት ስታቀርብ ልጅቷ በመዳፏ አገደችው። አልጮኸችም። ጭንብሉን ወደ ብሩክታዊት መልሳ ገፋችው፤ ጠበቀች። አስተርጓሚ የለም፤ አያስፈልግምም ነበር። ብሩክታዊት ጋዙን ገና አልከፈተችም፤ በጭንብሉ የሚመጣው ኦክሲጅን ብቻ ነው። የራሷን የአፍ መሸፈኛ ዝቅ አድርጋ ጭንብሉን አፍና አፍንጫዋ ላይ ገጠመች። ምኞት ደረቷን እያየች ነበርና በእውነት ተነፈሰች፤ ደግማ ተነፈሰች። ከዚያ አዲስ ጭንብል ቀይራ ሰጠቻት። ልጅቷ ተቀበለች፤ ራሷ ያዘችው። ጋዙ የተከፈተው ከዚያ በኋላ ነው። ይህ ቀምሶ መስጠት ነው ወይስ ከንፈር አርሶ መስጠት? ብሩክታዊት ያን ቀንም ሆነ ከዚያ በኋላ ስታስበው እርግጠኛ አልሆነችም።

ቡአው በሰላም ተሠራ። አባትና ልጅ ማገገሚያ ክፍል ውስጥ ጎን ለጎን ተኙ፤ ቀድማ የነቃችው ልጅቷ ናት። ደግነት ሲነቃ የት እንዳለ እስኪገባው ጊዜ ወሰደበት። ሲገባው ተስፈንጥሮ ሊነሣ ሞከረ።

"ገባ? ልጄ ገባ?"

"ገብታ ወጥታለች። ያቻት" አለች ብሩክታዊት።

ደግነት ልጁን አየ፤ ፋሻውን አየ፤ ከዚያ ጋቢውን ፊቱ ላይ ሳበ። ኩባያውን ከመቀበሉ ወዲህ ያለውን አንዲት ነገር አያስታውስም። ቃል የገባበትን ሰዓት ሰክሮ እንደተኛ ሰው ተኝቶ አሳለፈው። ከጋቢው ሥር፣ በጋሞኛ፣ ልጁን አንድ ነገር ጠየቃት። ምኞት ጣራውን እያየች በአጭሩ መለሰችለት። አገኘሽ የሰማችውን ለማመን ተቸግራ ወደ ብሩክታዊት ጠጋ አለች።

"እስከ መስመሩ አደረስከኝ አለችው" ስትል አንሾካሾከች። "እጄን ይዘህ፣ ከዚያ ለሲስተሯ ሰጠኸኝ አለችው።"

ደግነት ፊቱን ገለጠ። ሁለቱንም ሴቶች አያቸው። አገኘሽ የምታስተካክለው ጠርሙስ አገኘች፤ ብሩክታዊትም መለኪያውን ከጣቱ ለማውጣት አጎነበሰች።

ዶክተር አበጋዝ ሌላ ልጅ ፈቀዱ፤ ከዚያም ሌላ። አሁን ብሩክታዊት የምታዘጋጀው ሁለት ኩባያ ነው፤ አንዱ መድኃኒት ያለበት፣ አንዱ ማንጎ ብቻ። ማንጎ ብቻ ያለበትን ወላጅ ይቀምሰዋል። ዶክተሩ "የአባቶች ሽሮፕ" ይሉታል። ሁሉም ልጅ አይለዝብም፤ የሚተፋ አለ፤ ጠጥቶም የሚጮህ አለ። በሩ ላይ ግን ጸጥታ የሚባል ነገር መታየት ጀምሯል።

ምኞት ከተሠራች በኋላ፣ ሁለተኛው ወር ላይ፣ ብሩክታዊት ቅዳሜ ሲቀላ ገበያ ወጣች። ፀሐይዋ አናት ታፈላለች። ጋቢና ቡልኮ ከተሰቀለበት መደዳ ስትደርስ አንድ ረጅም ቀጭን ሰው ተነሥቶ ባርኔጣውን አወለቀ። ደግነት ነው። ከኋላው፣ ጀሪካን ላይ፣ ምኞት ተቀምጣለች። ብሩክታዊት በልማድ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ልትል አለች፤ ልጅቷ የት እንደምትሸሸግ ለማየት ጠበቀች። ምኞት አልተሸሸገችም። ብሩክታዊትን ከእግር እስከ ራስ አይታ ክንዷ ላይ ዓይኗን አሳረፈች።

ሰላምታው ካለቀ በኋላ ደግነት ድምፁን ዝቅ አደረገ።

"ሲስተር፣ ይሄ ልጅ ለሰፈሩ ሁሉ፣ አባቴ እስከ ቀዩ መስመር አደረሰኝ ይላል። ለእናቱ፣ ለጎረቤቱ፣ ለሁሉ ይናገራል። እኔ ምንም አላስታውስም። ሌሊት ሌሊት እያሰብኩት እንቅልፍ እምቢ ይለኛል። አንቺ ነበርሽ። እውነቱን ንገሪኝ፤ አድርሼዋለሁ?"

 ብሩክታዊትን ለዶክተሩ እውነቱን መናገር ከብዷት ነበር፤ ይህ ግን ሌላ ዓይነት ክብደት ነው። ልጅቷን አየቻት። ምኞት ከጀሪካኑ ላይ ወርዳ፣ ክዳኑን ፈትታ፣ በፕላስቲክ ኩባያ ውሃ ቀድታ ነበር። ኩባያውን ወደ አፏ ወሰደች። አንዴ ተጎነጨች። ብሩክታዊት እንድታይ ጉሮሮዋን ቀና አድርጋ ዋጠች። ከዚያ በሁለት እጇ ይዛ ዘረጋችላት፤ ዓይኗንም ከዓይኗ አልነቀለችም።

ብሩክታዊት ተቀብላ ጠጣች። ውሃው ለብ ያለ ነበር፤ ጠብታ አላስቀረችም።

"አዎ" አለች፣ ኩባያውን ለልጅቷ እየመለሰች። "እጇን ይዘው አድርሰዋታል።"